ክሬአቲኒን ከ0.90 ወደ 1.02፦ እውነተኛ ለውጥ ነው ወይስ የተለመደ መዋዠቅ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ታካሚ በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) ተሠርቶለት መጀመሪያ 0.90፣ ቀጥሎ 1.02 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወጣ። ማሽኑ ያው ነው፤ ሁለቱም ኖርማል ሬንጅ ውስጥ ናቸው። ሐኪሙ «ጨምሯል ወይ?» ብሎ ጠይቋል። የኮንትሮላችን (ማሽኑን የምንፈትሽበት ናሙና) ሲቪ፣ ማለትም ልኬቱ ሲደጋገም ከአማካዩ የሚዋዥቅበት መጠን፣ 3 በመቶ ነው። በስሌት እንዴት ይመለሳል?

መልስ 1
ኖርማል ሬንጁን ለጊዜው ይተዉት። እሱ ሰውን ከሌላው ሕዝብ ጋር ነው የሚያስተያየው፤ እዚህ የተፈለገው ሰውየውን ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው።

ማሽኑም ይዋዥቃል፣ ሰውነትም ይዋዥቃል። በጤነኛ ሰው የክሬአቲኒን የሰውነት ሲቪ 5 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ስኩዌር አድርገው ይደምሩ፦ 9 + 25 = 34፤ ስኩዌር ሩቱ 5.83። በ2.77 ሲያባዙት (1.96 ሲባዛ በ√2) 16 በመቶ ይመጣል፤ ለውጡ እውነተኛ ለመባል ማለፍ ያለበት ወሰን ይህ ነው። የታካሚው ጭማሪ 13.3 በመቶ ስለሆነ ከተለመደው መዋዠቅ አይለይም።

0.70 የነበረው ሰው 1.00 ቢመጣ ግን 43 በመቶ ጨምሯል፤ ሪፖርቱ ላይ ምንም ምልክት አይወጣም። እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ነው፤ ማንም ሳያየው ያልፋል።

መልስ 2
አንድ እርማት፦ 2.77 «ጨመረ ወይስ ቀነሰ» ለሚል ጥያቄ ነው። ሐኪሙ የጠየቀው መጨመሩን ብቻ ከሆነ ማባዣው 2.33 ነው፤ ወሰኑ 13.6 በመቶ ይሆናል። 13.3 ለጥቂት ነው ያላለፈው። «ለውጥ የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ይደገም በሉ።

ደግሞ ያ 3 በመቶ ከየት መጣ? በአንድ ቀን 20 ጊዜ ተደጋግሞ ከተለካ ናሙና ከሆነ አይሠራም። ካሊብሬሽንም (የማሽኑ ልኬት ማስተካከያ) የሪኤጀንት ሎትም (የመመርመሪያ ኬሚካሉ የምርት ዙር) የተቀያየረበት የወራት ኮንትሮል ያስፈልጋል፤ ያውም መጠኑ ለ1.0 የቀረበው የኮንትሮል ሌቭል። 6.0 ላይ ያለው ሲቪ አነስ ይላል፣ ወሰኑንም ያለአግባብ ያጠብበዋል።

ከስሌቱ በፊት ስለ ናሙናው ጠይቁ። ከመቀዳቱ በፊት የበሰለ ሥጋ ከተበላ ክሬአቲኒን ይጨምራል። አንዱ ልኬት በጃፌ (በቀለም ለውጥ በሚለካ ዘዴ)፣ ሌላው በኢንዛይም ዘዴ ከተሠራ ቀመሩ ዋጋ የለውም።

መልስ 3
ይህን ቀመር እንዳለ ለሲአርፒ (የሰውነት ብግነትን ለሚያሳይ የደም ምርመራ) አትጠቀሙበት። የሰውነቱ ሲቪ በጣም ሰፊ ነው። የማሽኑና የሰውነቱ ጠቅላላ ሲቪ 40 በመቶ ቢሆን ወሰኑ 111 በመቶ ይመጣል፤ 111 በመቶ የሚቀንስ ነገር ደግሞ የለም! በሎጋሪዝም ሲሠራ ግን ወደ ላይ 191፣ ወደ ታች 66 በመቶ ይሆናል። ማለትም ከ30 ወደ 12 ቢወርድ እንኳ ወሰኑን አላለፈም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሦስተኛ ልኬት ሲመጣስ በዚያው 16 በመቶ ይመዘናል?

መልስ 2
አይሆንም፤ √2 ለሁለት ልኬት ብቻ ነው። የሚነጻጸሩት የልኬት ጥንዶች በበዙ ቁጥር የሐሰት ማንቂያም ይበዛል። ደግሞ ቀመሩ የተረጋጋ ሰው ላይ ነው የሚሠራው፤ ክሬአቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መስፈርት ስለሚያሟላ ስሌት ሳትጠብቁ ለሐኪሙ ደውሉ።