ጥቆማ፦ በቤይትካስተር ዶክ ስር ስኪፕ ለማድረግ አዲስ ሪል ልግዛ ወይስ አስተማሪ ልቅጠር? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ክር ፈቺ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እስካሁን በስፒኒንግ (ስትወረውር ስፑሉ፣ ማለትም የክሩ መጠቅለያ፣ በማይዞር ሪል) ነበር፤ ባለፈው ወር ግን ያገለገለ ቤይትካስተር (ስፑሉ የሚዞር ሪል) ገዛሁ። ሜዳ ውሃ ላይ ስወረውር እንደ ምንም ይሄዳል። ጉዴ የሚፈላው ቨርጂኒያ ያለው ሐይቅ፣ ሌክ አና፣ ስሄድ ነው። ፀሐይ ስትከር ባሶቹ የዶክ (ውሃ ላይ የተሠራ የጀልባ ማቆሚያ መድረክ) ጥላ ስር ይገባሉ። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ሉሩን (ሰው ሠራሽ ማጥመጃውን) ልጅ ሆነን ድንጋይ በውሃ ላይ እንደምናነጥረው እያነጠሩ ማስገባት ነው፤ ስኪፕ የሚሉት ይሄንን ነው። እኔ ስሞክር ሉሩ አንዴ ውሃ ይነካና ይቆማል፣ ሪሉ ግን መሽከርከሩን ይቀጥላል። ክሩ ጎፈሬ ይሆናል። ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ያህል ሐይቅ ላይ ነበርኩ፤ አንዱን ሰዓት የፈጀሁት ክር በመፍታት ነው።
ጥያቄዬ፦ ዳይዋ ታቱላ ኤስቪ እና ሺማኖ ኤስኤልኤክስ ዲሲ ሁለቱም ወደ 200 ዶላር ናቸው። ለዚህ ሥራ የቱ ይሻላል? ወይስ ብሩን ለጋይድ (አጥማጆችን በጀልባ ለሚመራ ባለሙያ) ከፍዬ ልማር?

የሐዋሳ ልጅ፦
ስፒኒንግህን ይዘህ ሂድ። አለቀ።

ክር ፈቺ፦
ወንድሜ፣ ስፒኒንግ አውቃለሁ። ቤይትካስተር መልመድ ፈልጌ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦
ለምን?

አልተመለሰልኝም፦
ጋይድ የሚባል ነገር እንዳትነካ! የደረሰብኝን ልንገርህ። ባለፈው ሰመር ለግማሽ ቀን 400 ዶላር ከፈልኩ። ስሙን አልጠራም። «ስኪፕ ማድረግ እንድታስተምረኝ ነው የመጣሁት» አልኩት፣ «ችግር የለም» አለኝ። ጀልባው ፊት ላይ ቆመና ማጥመድ ጀመረ። እኔ ኋላ ነኝ። የእሱ ሉር ዶክ ስር ሲገባ አየሁ፤ ሲገባ ማየት ደግሞ ቪዲዮም አለ፣ በነፃ። ሰባት ያዘ። እኔ በመጨረሻ አንዴ ወረወርኩና መንጠቆዬ ዶኩ ላይ ያለ የወንበር ትራስ ላይ ተሰካ። ባለቤትየው የቡና ስኒውን እንደያዘ ወጣ። ምንም አላለም። ቆሞ ያየኛል። ክሩን ልቁረጥ ወይስ ልጎትት? ጎተትኩ። ትራሱ ተከትሎኝ መጣ።

ማታ ማታ፦
ትራሱን መለስክለት?

አልተመለሰልኝም፦
ጋይዱ ነው የመለሰው። እየሳቀ።

ማታ ማታ፦
ቲፕስ ሰጠኸው?

አልተመለሰልኝም፦
60 ዶላር። ይሉኝታ ይዞኝ።

ማታ ማታ፦
በል እንግዲህ፣ ትራሱን ጨምሮ 460 ወጣብህ።

የቀድሞው ሹፌር፦
ቲፕስ ስለሰጠህ አይቆጭህ። እኔ እዚህ አገር 20 ዓመት ኖሬ ፀጉሬን አበላሽቶ ለቆረጠኝ ሰው ቲፕስ ሰጥቼ ወጥቻለሁ። ጋይዱ ማነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ሰባት ነጥብ፦
ለእኔም።

ዘንጋዳ፦
ለእኔም። ጀልባ የለኝም ግን ለማንኛውም።

የደንበኛ ደንበኛ፦
እናንተ ሰዎች መንገድ ስታችኋል። እኔ ሪልም ዘንግም ክርም የምገዛው እኛ ሰፈር ካለችው ትንሽ ሱቅ ነው። ከትልልቆቹ መደብሮች አንዱ ገብተህ «ስኪፕ» ብትል ልጁ ስልኩን ያይልሃል። እዚህ ግን ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ክሩን በነፃ ይሞሉልሃል። ለቤይትካስተር ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም።

ክር ፈቺ፦
ታቱላ ኤስቪ አላቸው?

የደንበኛ ደንበኛ፦
አሁን የላቸውም። ይመጣል ብለዋል።

ክር ፈቺ፦
ኤስኤልኤክስስ?

የደንበኛ ደንበኛ፦
እሱንም አላየሁም። ግን ክር በነፃ ይሞላሉ።

ኪሎ ስንት፦
ነገሩ እንዲገባኝ ፈልጌ ነው። 200 ዶላር ሪል፣ ዘንግ፣ ላይሰንስ፣ እስከ ሌክ አና ደርሶ መልስ ቤንዚን። ከዚያ ዓሣውን ትይዙታላችሁ፣ ፎቶ ታነሱታላችሁ፣ መልሳችሁ ትለቁታላችሁ። ቢያንስ ቲፕስ ይሰጣችኋል?

ሰባት ነጥብ፦
ኤስኤልኤክስ ዲሲ ስትሉ ከተማው መስሎኝ ነበር። ለዲሲ ነዋሪ ብቻ የተሠራ።

የሴንኮ እናት፦
ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ጥያቄ ጠይቋል። እኔ እዚያው ሌክ አና ላይ ነው የተማርኩት። አንድ ሙሉ ሰመር ፈጅቶብኛል።
ወንድሜ፣ ችግሩን ራስህ በደንብ ገልጸኸዋል። ሉሩ አየር ላይ እያለ ክሩን እየጎተተ ስፑሉን ያዞረዋል። ውሃ ሲነካ ሉሩ ፍጥነቱ ድንገት ይቀንሳል፣ ስፑሉ ግን በዚያው ፍጥነት ክር እየለቀቀ ነው። ትርፉ ክር መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይተበተባል። ስፒኒንግ ላይ ስፑሉ ስለማይዞር ነው ይህን ያላየኸው።
ስለዚህ ብሬኩን ከፍ አድርገህ ጀምር። ሩቅ መወርወር አትፈልግም፤ 8 ሜትር ይበቃሃል። ጎን ላይ ያለችውን የስፑል ማጥበቂያም እንዲህ አስተካክላት፦ የስፑሉን መልቀቂያ ቁልፍ ተጭነህ ሉሩን ስትለቀው ቀስ እያለ ይውረድ፣ መሬት ሲነካ ስፑሉም አብሮ ይቁም። ስፑሉን ደግሞ እስከ አፉ አትሙላው። ግማሽ ክር ያለው ስፑል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቆማል።
አሁን ዋናዋን ዘዴ ልስጥህ። ከምትወረውረው ርቀት ትንሽ አስረዝመህ ክር ሳብና አውጣ። ስፑሉ ላይ በቀረው ክር ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍ። ከዚያ ያወጣኸውን መልሰህ ጠቅልል። ቢተበተብ እንኳን ከቴፑ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። እኔን ከሐይቅ እንዳልሸሽ ያደረገችኝ ይቺ ቴፕ ናት።
ሉሩ፦ በጂግ (እርሳስ ያለው መንጠቆ) አትጀምር። 5 ኢንች ሴንኮ (ትል የሚመስል ለስላሳ ፕላስቲክ) ወይም ቲዩብ (ውስጡ ክፍት የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ)፣ ያለ እርሳስ፣ የመንጠቆው ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ። ይንሸራተታል፣ ትራስ ላይም አይሰካም።
ውርወራው ከጎን ነው። ከላይ ወደ ታች ከወረወርክ ሉሩ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ጉልበትህን አጠፍ አድርግ፣ የዘንጉ ጫፍ ከውሃው ሁለት ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይጨርስ። ሉሩ መጀመሪያ ውሃ የሚነካው ከዶኩ አንድ ሁለት ሜትር ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ራሱ ይገባል። አውራ ጣትህ ከስፑሉ አይለይ። ውሃ በነካ ቁጥር ዳበስ ታደርገዋለህ፣ የልጅ ግንባር ትኩሳት እንዳለው እንደምታይ። ከተጫንከው ሉሩ ይቆማል፣ ከተውከው ጎፈሬው ይመጣል።
ከተተበተበ ደግሞ አትጎልጉለው። አውራ ጣትህን ስፑሉ ላይ ጠበቅ አድርገህ እጀታውን ሁለት ሦስት ዙር አዙር፣ ከዚያ ክሩን ሳብ። አብዛኛው በዚህ ይፈታል።

ክር ፈቺ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቴፑን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ስለ ሪሉስ?

የሴንኮ እናት፦
እኔ የምጠቀመው ታቱላ ነው። ሌላውን ስላልያዝኩት አልፈርድም።

ዘንጋዳ፦
ኤስኤልኤክስ ዲሲ አለኝ። ብሬኩን የሚቆጣጠረው ውስጡ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ስትወረውር ዊይይይ ይላል፤ ልጄ የሚመጣው ድምፁን ለመስማት ነው። አራት ቁጥር አለው። 4 ከፍተኛው ብሬክ ነው፣ ለስኪፕና ለነፋስ። እሱ ላይ አድርጌው ጎፈሬው ቀንሶልኛል እንጂ አልጠፋም። አውራ ጣቴን ካነሳሁ ኮምፒውተሯ ብቻዋን አትበቃም።

የሐዋሳ ልጅ፦
ስፒኒንግ ላይ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

የቀድሞው ሹፌር፦
ለመሆኑ ይሄ ባስ ይበላል? ጎረድ ጎረድ ቢደረግ ወይ ዱለት?

ማታ ማታ፦
ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እንዳትጀምሩ፣ ፍልሰታ ቀርቧል።

የቀድሞው ሹፌር፦
እኔ ስለ ጾም መች አነሳሁ?

ማታ ማታ፦
ልታነሳ ነበር።

የሴንኮ እናት፦
ይበላል፣ ግን ከየት እንደያዝከው ይለያያል። ፖቶማክ ወንዝ ላይ በፒሲቢ ኬሚካል ምክንያት የጤና ማስጠንቀቂያ አለ፤ የትኛውን ዓሣ በወር ስንቴ እንደሚበላ የየግዛቱን ዝርዝር እዩ። ለዱለት ዓሣ የምትፈልጉ ስኔክሄድ (ራሱ የእባብ የሚመስል፣ ከውጭ የገባ ዓሣ) አጥምዱ። በፈረንጆቹ 2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኘ፣ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ፣ አሁን ሞልቷል። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፣ አይፈርስም። በሕይወት ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ ልትወስዱት ከሆነ እዚያው መግደል አለባችሁ።

ኪሎ ስንት፦
እነሆ የሚበላ ዓሣ። ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉም?

አልተመለሰልኝም፦
ጋይዱ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። «ዘንድሮ አትመጣም ወይ» ይለኛል።

የቀድሞው ሹፌር፦
እና ምን አልከው?

አልተመለሰልኝም፦
አስቤ እደውልልሃለሁ።

ማታ ማታ፦
ልትሄድ ነው።

ክር ፈቺ፦
ቴፑ ይሠራል! ትናንት ሰፈራችን ያለች ኩሬ ሄጄ 50 ጊዜ ያህል ወረወርኩ። ዘጠኙ ተተበተበ፣ ግን አንዱም ከቴፑ አላለፈም። አራቱ እየነጠሩ ሄዱ፤ አንዱማ አምስት ጊዜ ነጠረ፣ ብቻዬን ጮህኩ። ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውዬ ቆሞ አየኝ። አንድ ነገር ግን፦ የዚህ የስኔክሄድ ነገር በሴንኮ ይያዛል ወይስ በፍሮግ (እንቁራሪት የሚመስለው ሉር) ነው?

የሴንኮ እናት፦
ፍሮግ። ሳርና ቅጠል የበዛበት ላይ። እሱም ጥሩ ይነጥራል።

ዘንጋዳ፦
እሺ፣ ሪሉስ? የቱን ወሰንክ?

ሰባት ነጥብ፦
እኔም እሱን ነው የምጠብቀው።

የደንበኛ ደንበኛ፦
አሁን ሽማግሌው ጋ ደውዬ ነበር። ታቱላው ሐሙስ ይመጣል ብለዋል።

ዘንጋዳ፦
የትኛው ሐሙስ?