«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ላንሳው እንዴ?

ባለሱቅ ዘመገናኛ
ሰላም ለሁላችሁ። መገናኛ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጁስ መፍጫ፣ ካውያ፣ ምድጃ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛ የገዛችው ሳምንት ያልሞላው ጁስ መፍጫ ይዛ መጣች። ስንሰካው ሞተሩ ይጮሃል፣ ቢላው ግን አይዞርም። ግድግዳዬ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል በትልቁ ተለጥፏል፣ እሱን ሳሳያት ስልኳን አውጥታ «ሕጉ 15 ቀን ይሰጠኛል» ብላ አዋጅ ታነብልኝ ጀመር። ሱቁ ሰው ሞልቶ ስለነበር ለወጥኩላት።

ነገሩ ግን ከንክኖኛል። አንዱ ከወረዳ መጥቶ ዋጋ ለጥፍ ይላል፣ ሌላው ስለ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ፈርሷል፣ አዋጁ ተቀይሯል ይባላል። እኛ ጠበቃ የለን፣ ቋሚ ሂሳብ ሠራተኛ የለን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒ ጀርባ ነን። እናንተ አዲስ ሕግ መውጣቱን በምን ታውቃላችሁ? ጽሑፉንስ ላንሳው?

ሕግ ነክ
ወንድሜ፣ አንሳው። ልጅቷ ልክ ናት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ግድግዳ ላይ የለጠፍከው ወረቀት ይህን መብት አያስቀርም። ከ15 ቀን የበለጠ ዋስትና ከሰጠህ ደግሞ የሚጸናብህ የሰጠኸው ነው።

ግን ልብ በል፣ የሚያወራው ስለ ጉድለት ነው። «ቀለሙን ባሌ አልወደደውም» ብላ ብትመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ላይ መለወጥ ያንተ ደግነት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከማንሳት ይልቅ «ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ ይለወጣል» ብለህ ብትቀይረው የበለጠ ያዋጣሃል። ደንበኛ ያምንሃል፣ ገደቡም ይታወቃል።

ፈርሷል ስለተባለው፦ የፈረሰው አዋጁን ያስፈጽም የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፣ አዋጁ አይደለም። በ2014 በአዋጅ 1263 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። መሥሪያ ቤት ሲቀየር ሕጉም አብሮ የሞተ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የመርካቶ ልጅ
ሕግ ነክ ያልከው ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ የምለው፣ እኔስ ለማን ልመልስ? ከጅምላ ሻጩ ስወስድ ደረሰኝ ስጠኝ ካልኩ ወይ ዋጋው ይጨምራል ወይ «ሌላ ቦታ ሂድ» እባላለሁ። ደንበኛዬ በ15 ቀን ትመልስልኛለች፣ እኔ ግን ዕቃውን ታቅፌ እቀራለሁ። ኪሳራው ሁሌ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላም አለ። አዲሱን ገዝቶ ቤቱ ያለውን የተቃጠለ አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚመጣም አለ። ሁሉም ሸማች መልአክ አይደለም። እኔ አሁን ማንኛውንም የሚሰካ ዕቃ ገዢው ፊት ሰክቼ አሠራለሁ፣ ከታች ያለውን ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ እጽፋለሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳዋለሁ። ተቃጥሎ ከመጣ መጀመሪያ ቁጥሩን ነው የማየው። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ክርክር ቀንሷል።

ሸማች ነኝ
ነጋዴዎች ስታለቅሱ አንጀቴን በላችሁኝ 😀 እስቲ ስለ ዋጋ እናውራ። ያው አዋጅ ዋጋ በግልጽ ቦታ ይለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ይደረግ ይላል፣ ግብሩንም ጨምሮ። ስንቶቻችሁ ታደርጋላችሁ? «ስንት ነው?» ስንል ከእግር እስከ ራስ አይታችሁን አይደል ዋጋ የምትጠሩት? አይቶና ተከራክሮ አለመግዛትም መብት ነው፣ ሕጉ ላይ ተጽፏል። ሳንገዛ ስንወጣ ከኋላ የሚወረወርብንን ቃል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ባለሱቅ ዘመገናኛ
@ሸማች ነኝ፣ እውነትሽን ነው፣ ግን ያን ጊዜ አስቢው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ አስመጪዎች ጠዋት አንድ ዋጋ፣ ከሰዓት ሌላ ዋጋ ይነግሩን ነበር። ያለአግባብ ዋጋ ጨመራችሁ ተብለው የታሸጉ ሱቆችም ነበሩ። እንዲህ ባለ ሰሞን ምን ብዬ ልለጥፍ?

ሕግ ነክ
በእርሳስም ቢሆን ለጥፍ። ዋጋ ሲቀየር ወረቀቱን ቀይረው። የሚያስጠይቅህ ከለጠፍከው በላይ መሸጥህ ነው። የገዛህበት ደረሰኝ ካለህ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለምን እንደጨመርክ የምታሳየው ነገር አለህ። የመርካቶ ልጅ፣ አንተም ሦስት መቶ ብር ቆጥቤያለሁ ብለህ ያለደረሰኝ ስትገዛ ጅምላ ሻጩን የምትይዝበትን ገመድ ራስህ እየቆረጥከው ነው። ገበያው ከባድ መሆኑን አልክድም፣ ግን ቢያንስ ውድና የሚሰካ ዕቃ ያለደረሰኝ አታንሳ።

ሕጉን በምን ልከታተል ላልከው፦ አዋጅ የሚታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው፣ በአማርኛም ስለሚታተም አስተርጓሚ አያስፈልግህም። ሁሉንም ማንበብ የለብህም። የ813ን የሸማቾች ክፍል ብቻ አትመህ ባንኮኒው ሥር አስቀምጥ፣ ጥቂት ገጽ ናት፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ታልቃለች። የሚኒስቴሩን ገጽ ተከታተል፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን «አስቸኳይ» ግን ቁጥርና ዓመት ከሌለው እለፈው። ፈቃድህን ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስታሳድስም የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠይቅ። ተቆጣጣሪ መጥቶ «አዲስ መመሪያ አለ» ካለህ በትሕትና «ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ ልጻፈው» በለው።

የመርካቶ ልጅ
ቁጥሩን ይንገሩኝ የምትለዋን ወድጃታለሁ 😂 ነገ እሞክራታለሁ። ባለሱቅ፣ አዲሱን ጽሑፍ ካሳተምክ እኔም አንድ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ከሆንን ማተሚያ ቤቱ ይቀንስልናል።