የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ መከላከያ ልብስ አየር እያሳለፈ መርዙን እንዴት ያስቀራል?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በሽመና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወታደሮች ከመርዝ ጋዝ የሚጠበቁበት ልብስ በአብዛኛው አየር ከሚያሳልፍ ጨርቅ እንደሚሠራ ካነበብሁ ወዲህ ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ካለ የመርዙ ትነት በዚያው የማያልፈው ለምንድን ነው? የጋዝ ጭንብል ካለስ ሙሉ ልብስ ለምን አስፈለገ? ጣሊያን ደሴ ላይ መርዝ ጣለ ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ ጥያቄው ለእኔ የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ። ልብሱ መርዙን የሚይዘው እንደ ወንፊት አጣርቶ አይደለም። ከውጨኛው ጨርቅ ሥር ከሰል የያዘ ንብርብር አለ፤ ይህም ከሰል የምድጃው ዓይነት ሳይሆን በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች እንዲያወጣ የተደረገ፣ አንድ ግራሙ ብቻ ከ500 ካሬ ሜትር የሚበልጥ የውስጥ ገጽ ያለው ነው። ኦክስጅንና ናይትሮጅን በከሰሉ ላይ እምብዛም ስለማይጣበቁ ያልፋሉ፤ እንደ ሰናፍጭ ጋዝ (ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው) እና እንደ ሳሪን (ነርቭን የሚያጠቃ መርዝ) ካሉት የሚወጡት ከባድ ትነቶች ግን በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ቦታው ሲሞላ የከሰሉ አቅም ያበቃል። ለዚህም ነው የአሜሪካ ጦር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታጠቀው ልብስ ከእሽጉ ከወጣ በኋላ እስከ 45 ቀን ሊለበስና እስከ 6 ጊዜ ሊታጠብ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ መርዝ ካረፈበት ግን ጥበቃው ለ24 ሰዓት ብቻ የሚታሰበው።

ከጎማ የተሠራም አለ፤ የሶቪየት ጦር ጎማ የተቀባ ልብስ ለብዙ ዘመን ተጠቅሟል። ችግሩ ላብ የሚተንበት መንገድ አለመኖሩ ነው፤ ለባሹን ከመርዙ በፊት ሙቀቱ ይጥለዋል። የከሰሉ ልብስ እንኳ ቀላል አይደለም፤ በአሜሪካ ጦር መመሪያ መሠረት ሙሉ ትጥቅ ለለበሰ ሰው በአካባቢው የሙቀት ልኬት ላይ ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደመርበታል። ደሴ ላይ በደኅና የሚሠራ ሥራ ከባቲ ወዲያ ቆላው ላይ ሰው ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
ስለ ታሪኩ አንድ እርማት ይፈቀድልኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወረደው ቦምብ የሚፈነዳና የሚያቃጥል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ የተኮሱበት ዕለት ነው። የሰናፍጭ ጋዙ ከታኅሣሥ ጀምሮ በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ፣ ከማይጨው ጦርነት በኋላም በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ ወረደ። ጣሊያን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ነበር፤ እያወቀች ነው ያደረገችው።

ጭንብል ብቻ ለምን እንደማይበቃም ከዚያው ይታያል። የሰናፍጭ ጋዝ ዓይንና ሳንባን ብቻ ሳይሆን ቆዳንም ይበላል፤ ያረፈበት ሰው ወዲያው ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳው የሚቀላውና ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው። በባዶ እግሩ የተመረዘ ሣር የረገጠው፣ የረጠበ ኩታውን ሳያወልቅ ያደረው አርበኛ ጭንብል እንኳ ቢኖረው እግሩንና ጀርባውን የሚያድንለት አልነበረም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
እውነት ነው፤ የደጋው ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። የሰናፍጭ ጋዝ ከ14 ዲግሪ ገደማ በታች ስለሚረጋ ሌሊት መሬት ላይ ተኝቶ ያድርና ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ይተናል።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደሴን በተመለከተ የተሰጠኝን እርማት ተቀብያለሁ። የባዮሎጂው መሣሪያስ በዚሁ ልብስ ይመከታል? ጨርቁንስ እዚህ መሥራት ይቻል ይሆን?

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ለተህዋስያን ዋናው ጋሻ ጭንብሉ ነው፤ በማጣሪያው ውስጥ ከከሰሉ ሌላ ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ ንብርብር አለ። ደኅና ቆዳ አብዛኛውን ተህዋስ ይመክታል፤ አባ ሰንጋ ግን የታመመ ከብት ቆዳ የሚገፍፉ ሰዎች እንደሚያውቁት በተቧጨረ ቆዳ ስለሚገባ ልብሱና ጓንቱ ትርፍ አይደሉም።

ጨርቁን በተመለከተ፣ የጠቀስሁት ልብስ የውጭ ሽፋን ጥጥና ናይሎን እኩል የተቀላቀሉበት፣ ውኃ እንዳይመጥጥ የታከመ ጨርቅ በመሆኑ ሽመናው ከባለሙያ አቅም በላይ አይመስለኝም። የሚከብደው ከሰሉ ሳይረግፍና ቀዳዳው በሙጫ ሳይደፈን ከጨርቁ ጋር እንዲጣበቅ ማድረግ፣ ከዚያም በእውነተኛ መርዝ መፈተን ነው። ስፌቱንም አይናቁት፤ ለባሹ በተራመደና ክንዱን ባነሣ ቁጥር ልብሱ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፤ አንገቱ፣ የእጅጌው ጫፍና የዚፑ ክዳን በደንብ ካልገጠሙ መርዙ ከሰሉን ሳይነካ በዚያ በኩል ይገባል።