የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው ተባብለን ነበር። እስካሁን የተስማማነው በሦስት ነገር ብቻ ነው። ሐዋሳና ዙሪያዋ ባሉ 4 ትምህርት ቤቶች ይሁን፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል ይሁን፣ ለአንድ ዓመት ይሞከር። ርዕሱ «የተቀናጀ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት» ይላል። ከርዕሱ በታች ባዶ ነው። አደራ፣ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ።

አባል፣ ከሜሪላንድ
እዚህ ያለነው ተነጋግረናል። የሮቦት መሥሪያ ዕቃ ለመላክ ዝግጁ ነን። አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሴንሰር፣ ትንንሽ ሞተሮች። ልጆቼ በዚህ ሲሠሩ ምግብ እንኳ ይረሳሉ። ለሴቶቹ ደግሞ ለብቻ የቅዳሜ ክበብ ብናቋቁምላቸውስ?

የኬሚስትሪ መምህርት
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕቃውን አልጠላም። ግን ቅዳሜ ማን ይመጣል? እኔ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ወር ሳይሞላ የቀሩት ቤታቸው ቧንቧ ያለው ልጆች ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ ቅዳሜ ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ እናት ገበያ ስትወጣ ሕፃን ይይዛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይሄ ይሁን፦ «ሥራው ሁሉ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይካሄዳል።» ይህ ካልገባ ሴቶችን እናበረታታለን ማለታችን ወሬ ነው።

ሌላም አለ። ላብራቶሪ ስንገባ 5 ልጆች አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። የሙከራ ቱቦውን የሚይዘው ወንድ ነው። እሳቱን የሚለኩሰውም ወንድ ነው። ሴቷ ትጽፋለች። ለምን? «ጽሑፏ ያምራላ!» ዓመቱን ሙሉ ጽሑፏ እያማረ እጇ ዕቃ ሳይነካ ታልፋለች። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ለዓመታት አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። የሥራ ተራ በስም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በየሳምንቱ ይዙር።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር
ልጆቼ፣ እኔ የፕላዝማው ዘመን ሰው ነኝ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በእንግሊዝኛ ይሮጣል። እኔ ጥግ ቆሜ ጠመኔዬን ይዤ አያለሁ። ልጁ ሳይገባው ቢቀር ቴሌቪዥኑን አቁም አይለው ነገር! መብራት የጠፋ ቀን ነበር መምህር የምሆነው። ስለዚህ ዕቃ ይመጣል ሲባል ትንሽ ይከብደኛል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ከጥያቄ እንነሣ። እኔ የምለው ውሃ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለነው። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ በብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥርሱ ለምን ቡናማ ሆነ ብሎ መጠየቅ ባዮሎጂ ነው። ፍሎራይዱ ከየት መጣ ማለት የመሬት ሳይንስ ነው። እንዴት ይወጣል ኬሚስትሪ ነው። ማጣሪያውን መሥራት ቴክኖሎጂ ነው። ስንት ሊትር ያጣራል፣ መቼ ይደክማል ሲባል ሒሳብ መጣ። ከዚህ በላይ ምን መቀናጀት አለ?

የኬሚስትሪ መምህርት
ጋሼ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ውሃው ደግሞ የሴቶቹን ጊዜ የሚበላው ራሱ ነው። ጄሪካኑን የምትሸከመው ልጅ ስለ ጄሪካኑ ትማር።

ወላጅ
እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የ12ኛ ክፍሉን ውጤት አይታችኋል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ቤቱ እየተቃጠለ ማጣሪያ እንሥራ ነው የምትሉኝ? ማጠናከሪያ ትምህርት ይሻላል።

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር፣ 7ኛ ክፍል
ወላጅ ያነሡት ልክ ነው፤ መልሱ ላይ ግን እለያለሁ። የማስተምረው አጠቃላይ ሳይንስ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በአንድ መጽሐፍ አስገብቷቸዋል። እኔ የተመረቅሁት በባዮሎጂ ነው። እውነቱን ልናገር? የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስደርስ አነብላቸዋለሁ እንጂ አላስተምርም። ፊዚክስ የተማረው ጓደኛዬ ደግሞ ሕዋስ ላይ ሲደርስ እንደዚያው። መጽሐፉ ተቀናጅቷል፣ እኛ አልተቀናጀንም። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ገብተው ሦስቱ ለየብቻ ሲመጡባቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው። ማጠናከሪያ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለእኛ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስታችን ተቀምጠን ብናዘጋጅ ይበቃል። አበል ካለም አንጠላም :)

ጸሐፊ
እስካሁን ያለውን ሰብስቤያለሁ። እዩት።

«የዓመቱ መነሻ ጥያቄ፦ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ምን አለ? ሥራው ሁሉ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ተግባር የትኛውን የመጽሐፍ ምዕራፍ እንደሚሸፍን አጠገቡ ይጻፋል። በየቡድኑ ዕቃ የሚይዝ፣ የሚለካ፣ የሚጽፍና የሚያቀርብ ይኖራል፤ ተራው በየሳምንቱ ይዞራል። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን በሳምንት አንድ ጊዜ አብረው ያዘጋጃሉ።»

ወላጅ፣ ምዕራፉ አጠገቡ ይጻፍ የሚለው የእርስዎን ሥጋት ያቃልላል?

ወላጅ
በከፊል። ሲተገበር አያለሁ።

የነርስነት ሙያ ያላት አባል
ውሃ ካላችሁ ቢልሃርዚያም ይግባ። ሐይቁ ዳር የሚዋኙና ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች አሉን። የእንዶድ ታሪክ ደግሞ የእኛው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ያዩት ቀላል ነገር ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ተገኘ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። ከዚያ ምርምሩ ቀጠለ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተሸለሙበት። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ የተጀመረ ሳይንስ ነው። ልጆቹ እንዶድ ቀጥቅጠው ቀንድ አውጣ ላይ ይሞክሩት።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር
እሺ፣ ግን ቀንድ አውጣውን ተዉት! የተበከለ ከሆነ የትሉ እጭ ውሃው ውስጥ ነው፣ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጅ ውሃ ውስጥ እጁን አይነክርም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ወደ ሐይቁ አይደፋም።

የኬሚስትሪ መምህርት
አረፋውን እንለካዋ። እንዶድ፣ የልብስ ሳሙናና ዱቄት ሳሙና በእኩል ውሃ። ጠርሙሱን እኩል ጊዜ መናጥ፣ አረፋውን በማስመሪያ መለካት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት። ጓንት ይደረጋል። ምንም አያስወጣም። የቀንድ አውጣውን የሕይወት ዑደት በሥዕል እናሳያለን።

የነርስነት ሙያ ያላት አባል
ተስማምቻለሁ፣ ቸኩዬ ነው። ግን ሽንት ቤትና ሞዴስ የት ገቡ? በወር 4 ቀን የምትቀር ልጅ 4 ቀን ላብራቶሪ አልገባችም ማለት ነው። ይህንን «ሌሎች» በሚል ርዕስ ሥር እንዳታስገቡብኝ። ውሃ ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት ከማይክሮስኮፕ በፊት ይጻፍ።

ጸሐፊ
ሁለተኛ አንቀጽ ላይ አስገብቼዋለሁ።

አባል፣ ከሜሪላንድ
ማጣሪያው በምንድን ነው የሚሠራው? ገንዘቡን ወደዚያ ብናዞረውስ? ስለ ቅዳሜው ደግሞ ተምሬያለሁ።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር
ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል፣ እንዲያውም ይበረታል። ይህን ራሱ ልጆቹ ይገምቱ፣ አብዛኛው ይሳሳታል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የከብት አጥንት አክስሎ በከሰሉ ማጣራት ነው። ሌላው አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማማሰልና ማስረጋት፤ ናልጎንዳ ይሉታል፣ የሕንድ ከተማ ስም ነው።

ወላጅ
የአጥንት ከሰል የነካው ውሃ በጾም ይጠጣል? ባለቤቴ አትጠጣም። ብዙ ሰውም አይጠጣም። የከብቱንም ማን አረደው የሚል አለ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቼን ጠይቁ።

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር፣ 7ኛ ክፍል
አያችሁ፣ ይሄ ራሱ ትምህርት ነው። ቴክኖሎጂው ሠርቶ ሰው ካልተጠቀመበት ምን ያደርጋል? ልጆቹ ሁለቱንም ይሥሩ፣ ከዚያ ሰፈራቸው ወርደው የትኛውን ትጠጣላችሁ ብለው ይጠይቁ። መጠይቁን አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያዘጋጁት። እዚያው ትምህርት ቤት የተጣራው ውሃ ግን ለሙከራ ብቻ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ተልኮ ሳይለካ ማንም አይጠጣ።

አባል፣ ከሜሪላንድ
በዚህ ከተስማማን ከሮቦቱ ይልቅ የፍሎራይድ መለኪያ መሣሪያና ኬሚካሉን እንግዛ። አርዱይኖውን ሁለት ብቻ እልካለሁ፣ የውሃ ሙቀት ይመዝግቡበት። ለአርአያነት ደግሞ የዶክተር ሰገነት ቀለሙን ትልቅ ፖስተር እናሳትም? ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመራች፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬያልና የዩኔስኮን ሽልማት የወሰደች ሴት ናት።

የኬሚስትሪ መምህርት
ታሪኳ ይነገር፣ ደስ ይለኛል። ፖስተር ግን ሳምንት አይተው ይለምዱታል። ከውሃና ፍሳሽ ላብራቶሪ የምትሠራ አንዲት ሴት ጋውኗን ለብሳ ትምጣልን። ስንት ደመወዝ እንደምታገኝ ጭምር ይጠይቋት።

ሒሳብ ያዥ
የመለኪያውን ዋጋ ከሦስት አቅራቢ ካላገኘሁ ቁጥር አልጽፍም። አሁን የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው። ባለፈው ያየሁት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ ካርቶኑ አልተከፈተም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱም የለም። አዲስ ከመግዛታችን በፊት በ4ቱም ያለው ዕቃ ይቆጠር።

ጸሐፊ
የሚቆጥሩት ሁለት መምህራን ናቸው፣ እስከ ዓርብ። የላብራቶሪ ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ አንዱ በመምህሯ እጅ ይቀመጥ የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ።

ወላጅ
ልጄ ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው። «ማጣሪያው ሲደፈን ማን ይፈታዋል? እኛ ነን ወይስ ዘበኛው?» ትላለች።

የኬሚስትሪ መምህርት
እናንተ ናችሁ በያት። መፍቻውም በተራ።

ጸሐፊ
ገባ። የጥገና አንቀጽ፣ ቁጥር 7። ረቂቁን ነገ ማታ 2 ሰዓት ላይ እዘጋዋለሁ። የምትጨምሩት ካለ ከዚያ በፊት።