ክርክር፦ «ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ መጻፍ አስተያየት ነው ወይ?

እናት ከጉለሌ፦
ትናንት ተናድጄ ነው ያደርኩት። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ «ተማሪዎች ሞባይል ይዘው ትምህርት ቤት ይግቡ ወይስ አይግቡ? አንባቢን የሚያሳምን አንድ አንቀጽ ጻፉ» ብሎ አዘዛቸው። ጻፈች። ከ10 አራት አገኘች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ዘጠኝ አገኘች። ደብተሯን አሳየችኝ። «እንደሚታወቀው ሞባይል ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ ይጀምራል። «ስለዚህ ሞባይልን በአግባቡ መጠቀም አለብን» ብሎ ያልቃል። ይግባ ነው አይግባ? ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ መልሱን አላገኘሁትም።

የእኔዋ የጻፈችው ይኸው፣ አንድ ቃል አልነካሁም፦

«እናቴ መርካቶ ነው የምትሠራው። ማታ 1 ሰዓት ሳይሆን ቤት አትገባም። ወንድሜን ከኬጂ የማወጣው እኔ ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ኬጂው ልጆቹን በ6 ሰዓት ለቀቃቸው። ዘበኛው ለእናቴ ደወለላት። እናቴ ሱቁን ጥላ መምጣት አልቻለችም፣ ለእኔም የምትደውልበት ስልክ አልነበረኝም። ወንድሜ እስከ 9 ሰዓት ተኩል በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ስልክ ክፍል ውስጥ ይዘጋ፣ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከበር ግን አይመለስ።»

ከሥሩ በቀይ ምን ተጻፈ? «ኃይለ ቃል የለም። የግል ታሪክ አስተያየት አይደለም። "በእኔ አስተያየት" ብለሽ ጀምሪ።» ኃይለ ቃል የሚሉት የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ያ ረቡዕ ለእኔ ምን ዓይነት ቀን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ለልጄ ነጥብ አልለምንም። ግን አቋም ያልያዘው 9፣ አቋም የያዘው 4 የሚያገኘው በምን ሂሳብ ነው?

ባለጠመኔ፦
እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። እኔም አማርኛ አስተምራለሁ፣ 28 ዓመት ሆነኝ። መምህሩ ላይ ግን አይፍረዱበት። ልጅዎ ጥሩ ተራኪ ናት። የተጠየቀችው ግን ትረካ አይደለም። የ9ኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ ቅርጹን መያዝ አለበት። ኃይለ ቃል፣ ሦስት መዘርዝር ዓረፍተ ነገር፣ ማጠቃለያ። ቅርጹ እጁ ላይ ይግባ እንጂ ሐሳብ በኋላ ይደርሳል። ቅርጽ ያልያዘን ልጅ «ሐሳብህን ጻፍ» ካሉት ባዶ ወረቀት ነው የሚያስረክበው። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

የ2015 ተፈታኝ፦
«ሐሳብ በኋላ ይደርሳል።» መቼ መምህር? በኋላ ማለት መቼ ነው?

9ኛ ላይ ቅርጽ ተባልን። 10ኛ ላይም ቅርጽ። 11 እና 12 ላይ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ለማትሪክ ነው። ማትሪክ ደግሞ ምርጫ ነው፣ ማጥቆር ብቻ። እንግሊዝኛው ላይ አንቀጽ የሚባል ነገር ቢመጣ «እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል አስይዝ» ተብሎ ነው፣ መልሱም አንድ ፊደል ነው። አማርኛ ጭራሽ አይፈተንም። የእኛ ዓመት ያለፈው 3.2 ከመቶ ነው። እኔ ሬሜዲያል፣ ያላለፉት የሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት፣ ገብቼ ነው የተረፍኩት። ፍሬሽማን ላይ መምህሯ «አቋማችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ» ስትለን ክፍሉ ጭጭ አለ። ምን ጻፍኩ መሰላችሁ? «ጥቅምም ጉዳትም አለው።» 20 ዓመቴ ነበር። ሐሳቤ በኋላ አልደረሰም መምህር። ለአራት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።

ቀይ እስክሪብቶ፦
የጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ላይ ለብዙ ዓመት በአርታኢነት ሠርቻለሁ። የሚደርሰን ጽሑፍ አብዛኛው «እንደሚታወቀው» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትነግረኛለህ? ቀጥሎ «ጥናቶች እንደሚያረጋግጡት» ይመጣል። የትኛው ጥናት፣ የማን? የለም። ዶክተሩም፣ ኢንጂነሩም፣ ጡረተኛውም እንዲሁ ነው የሚጽፈው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሁሉም 9ኛ ክፍል ላይ 9 ያገኙ ይመስለኛል።

የልጅቷን ጽሑፍ እኔ ብይዘው 7 እሰጠዋለሁ። ዘበኛው፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩል፣ በር ላይ የተቀመጠው ልጅ፤ ይሄ ማስረጃ ነው። ግን የጎደለው አለ። ሞባይል አይግባ የሚለው ሰውዬ አንቀጹ ውስጥ የለም። እሱ ፈተና ላይ መኮራረጅን ይፈራል፣ ክፍል ውስጥ ቲክቶክን ይፈራል። «ይዘጋ፣ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ» ስትል በሩን ነካ አድርጋ ተመለሰች። ማሳመን ማለት የማይስማማህን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ማናገር ነው። እናቷማ ድሮም ተስማምታለች።

ባለጠመኔ፦
አርታኢዋ፣ እርስዎም እኮ ጉድለት አገኙባት። መምህሩ ኃይለ ቃል የለም ያለው ይሄንኑ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
አይደለም። «ከበር ግን አይመለስ» ያለችው ምንድን ነው ታዲያ? ኃይለ ቃሉ እሱ ነው፣ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ እንጂ። መጽሐፉ ራሱ ኃይለ ቃል አንቀጽ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል ብሎ አይደለም እንዴ የሚያስተምረው?

ባለጠመኔ፦
ይላል። እኔም አስተምረዋለሁ። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ ላይ ነው የሚሻለው። መዋኘት የሚማር ሰው ከጥልቁ አይጀምርም።

የ2015 ተፈታኝ፦
መዋኘት የሚማር ሰው ግን ውኃ ውስጥ ይገባል መምህር። እኛ ዳር ላይ ቆመን ነው እጃችንን ያወዛወዝነው።

የዲማው፦
አማርኛን ከነባሕርዩ ተዉት እባካችሁ። የእኛ ቋንቋ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ሰሚው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ልጅቷም እንደዚያው ነው ያደረገችው፣ ፍርዱን ወደ መጨረሻ አመጣችው። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሉ ማን ቅርጽ ሰጣቸው? ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል፣ በቅሎ ይወራረዳል፣ ማር ይወራረዳል፣ ግጥም እያወረደ ይሟገታል። የተሸነፈ ያስረክባል። አስተያየት ማለት ያ ነበር። «በእኔ አስተያየት» ብሎ መጀመርን ከፈረንጅ ነው ያመጣነው፣ «ኢን ማይ ኦፒንየን» ነው በፊደላችን የተጻፈው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ፈረንጁ ላይ አትላክክ። ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ነው የሚማረው። ትንሽ ሆኖ አንቀጽ ሲያስተምሩት ሀምበርገር አስሳሉት። የላይኛው ዳቦ ኃይለ ቃል፣ መሐሉ ማስረጃ፣ የታችኛው ዳቦ ማጠቃለያ። ስለዚህ ቅርጹን እነሱም ያስተምራሉ፣ መምህር እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ልዩነቱ ሥጋው ላይ ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ ነገር «እንዴት አወቅህ?» ይባላል። 7ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ተቃራኒውን ሐሳብ ጥቀስ ተባለ፣ አርታኢዋ ያለችውን ማለት ነው። ሁለቱንም ወገን ነካክቶ መሐል ላይ የቆመ ልጅ «አቋምህ የቱ ነው?» ተብሎ ወረቀቱ ይመለስለታል። ጉለሌ ላይ 9 ያገኘው አንቀጽ ዳቦ በዳቦ ነው።

የዲማው፦
ልጅህ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው፣ እኛ የምናወራው ስለ አማርኛ ነው። ሀምበርገሩን እዚያው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አማርኛም እጽፋለሁ፣ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው። በላ ልበልሃን አከብራለሁ። ግን ያንን ሙግት ስንቱ ሰው ነበር የሚችለው? አንደበተ ርቱዕ ያልሆነው ጠበቃ ይይዝ ነበር። እኛ የምናወራው መንደር ውስጥ ስላለው አንድ አዋቂ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ስላሉት 60 ልጆች ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ሁለታችሁም ወደ ነገሩ ተመለሱ። አስተያየት መጻፍ የፈረንጅም አይደለም፣ የችሎት ብቻም አይደለም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲጀመር ሰዎች በአማርኛ አቋማቸውን ይጽፉበት ነበር። የመቶ ዓመት ነገር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ተማሪ ሆነን «እውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ» ብለን በሰልፉ ሜዳ ላይ ስንከራከር ማን ነው «ሁለቱም ጥቅምም ጉዳትም አላቸው» ያለው? ማንም! ገንዘብ የደረሰው ቡድን «ደብተርህን በምን ገዛኸው?» ይላል። እውቀት የደረሰው «ገንዘብህን በምን ቆጠርከው?» ይላል። ሜዳው በጭብጨባ ይናጋል። በአፋችን እንደዚያ የምንሟገት ልጆች ወረቀት ላይ ስንደርስ ምን ነካን?

እናት ከጉለሌ፦
ምን እንደነካን እኔ ልናገር። ማታ ይሄን ሁሉ ሳነብ ቆይቼ ልጄን ጓደኛሽ ለምን እንደዚያ ጻፈች አልኳት። «መምህሩ የትኛውን እንደሚደግፍ ስለማናውቅ ነዋ» አለችኝ። ልጆቹ ሐሳብ አላጡም። መሐል ላይ መቆም እንደማያስቆጣ አውቀዋል። ያንን ደግሞ ከትምህርት ቤት ብቻ አልተማሩትም። «አርፈሽ ተማሪ»፣ «አያገባሽም»፣ «ለማንም ወግነሽ እንዳትናገሪ» እያልን ያሳደግናቸው እኛ ነን። እኔም ብያታለሁ። ለዚህ ነው አራቱ ያመመኝ። አንድ ጊዜ ደፍራ ወገን ያዘች፣ እሱም በቀይ ተመለሰላት።

ባለጠመኔ፦
ይሄን ስላነሱ እኔም አንድ ነገር ልናገር፣ ማንም የማያነሳውን። ስድስት ክፍል አስተምራለሁ። በእያንዳንዱ 60 ልጅ አለ። ደረጃው 40 ነው ይባላል፣ እኔ ግን 40 ልጅ የተቀመጠበት ክፍል ካየሁ ቆየሁ። 360 አንቀጽ ማለት ነው። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ብሰጥ 30 ሰዓት ነው። ማታ፣ ቤቴ፣ መብራት ካለ። የእርስዎን ልጅ አንቀጽ በትክክል ለማረም አምስት ደቂቃ አይበቃም። ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። «ኃይለ ቃል አለ፣ የለም» ብዬ ካረምኩ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃኛል። ቅርጽ የሙጥኝ የምለው ሐሳብ ጠልቼ አይደለም። ለ360 ልጅ በእኩል ዓይን ልሰጠው የምችለው ነጥብ እሱ ነው። ሐሳብን ልመዝን ብል «ለእሷ ለምን 8 ለእኔ ለምን 5» የሚል ወላጅ ሰኞ ጠዋት በሬ ላይ ነው።

የ2015 ተፈታኝ፦
መምህር፣ ይሄን ከመጀመሪያው ቢሉን ኖሮ እንዲህ አልናገርዎትም ነበር። ግን እኮ ይሄ የጊዜ ችግር ነው። «ሐሳብ በኋላ ይደርሳል» ካሉ የልጁ ችግር ይሆናል። ሁለቱ ይለያያሉ። ለልጆቹም «ሁሉንም ማንበብ ስለማልችል ነው» ይበሏቸው። «የግል ታሪክ አስተያየት አይደለም» ሲባል ልጅቷ ያየችው ነገር ዋጋ የለውም ብላ ነው የምታምነው። እኔ አምኜ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
360ውን በአንድ ጊዜ ለምን ይሰበስባሉ? በሳምንት አንድ ክፍል ይሁን። ወይ ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። የሞባይል ደጋፊው የተቃዋሚውን ያንብብ፣ «እዚህ ጋ አላሳመንከኝም» ብሎ ያስምርበት።

ባለጠመኔ፦
ሞክሬዋለሁ። ጓደኛ ለጓደኛ 10 ከ10 ነው የሚሰጠው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ነጥብ እንዲሰጡ አላልኩም። እንዲያሰምሩ ነው ያልኩት።

የዲማው፦
እኔ የምጠይቀው መምህሩን ነው። በ28 ዓመት ውስጥ ካረሙት ሁሉ አሁን ትዝ የሚልዎት የትኛው ነው? ቅርጹ ያማረው ነው?

ባለጠመኔ፦
ያልጠበቅሁት ጥያቄ ነው። በእውነት ልመልስ። ዓመቱን አላስታውስም። ርዕሱ «የገጠር ኑሮ ይሻላል ወይስ የከተማ» ነበር። የልጁ የመጀመሪያ መስመር «ከተማ ውኃ ከቧንቧ ይመጣል ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ከእናቴ ጀርባ ነው የሚመጣው» ይላል። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩላት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዝብርቅርቅ ነበር፣ ከውኃ ወደ ትራንስፖርት፣ ከትራንስፖርት ወደ ቤት ኪራይ። ማጠቃለያ የለውም። አምስት ሰጠሁት። ዛሬም ቢመጣ ከስድስት አላሳልፈውም።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ለባለቤትዎ ያነበቡላትን መስመር ልጁ እንደወደዱት ያውቃል?

ባለጠመኔ፦
አልነገርኩትም።

የ2015 ተፈታኝ፦
እኔ ነጥቡን አልቃወምም፣ 5ም ይሁን። ከአምስቱ ጎን «ይሄ መስመር ይዞኛል፣ የቀረውንም እንዲህ አድርገው» ቢባል ግን ልጁ የሚቀጥለውን አንቀጽ ከየት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር።

የዲማው፦
ግጥም ነው እኮ የጻፈው። አላልኳችሁም?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ግጥም አይደለም፣ ማስረጃ ነው።

እናት ከጉለሌ፦
ልጄ የአርታኢዋን አስተያየት አነበበች። ዛሬ ከሰዓት እንደገና ጻፈችው። «"በእኔ አስተያየት" ብዬ እጀምራለሁ፣ ወንድሜን ግን አላወጣውም» አለች። ከወንድሟ ቀጥሎ ይሄን ጨምራለች፦

«መምህሮቻችን ፈተና ላይ እንኮራረጃለን ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው፣ የሚኮርጅ አለ። ስለዚህ የፈተና ቀን ስልኩን በር ላይ ሰብስበው ስንወጣ ይመልሱልን። ዓመቱን ሙሉ ግን ፈተና የለም፤ ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ከኬጂ ይወጣል።»

ሰኞ ሁለቱንም ወረቀት ይዤ መምህሩን ላነጋግር ነው። ልጣላ አይደለም። አንድ ላይ እንዲያነብልኝ ነው የምጠይቀው።

ባለጠመኔ፦
በርቺ በሉልኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፣ ኃይለ ቃሉም ቦታውን ያዘ። ማጠቃለያ ግን አሁንም የለውም።

ቀይ እስክሪብቶ፦
መምህር፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ያንብቡት።

ባለጠመኔ፦
አነበብኩት። ጥሩ ነው። ማጠቃለያ ግን አይደለም።