በመርከብ እንሂድ ወይስ ጣና ይበቃናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ውጭ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በክረምቱ ዕረፍት ሁላችንንም በሜዲትራኒያን ባሕር በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ለሰባት ቀን ሊወስደን ፈልጓል። ልጆቹ ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል፤ እኔም አጥቻለሁ፣ ምክንያታችን ግን ይለያያል።

አማቴ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ጉዞው ነሐሴ ላይ ከዋለ ደግሞ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ምግቡ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ተካትቷል አሉ፤ እሳቸው ግን ቆሏቸውን ቋጥረው እንደሚሳፈሩ አውቃለሁ። (ልጃቸው የእናቱን ጾም እንዴት ይረሳል?) ትንሿ ልጄ አምና ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስንሻገር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ እስክንደርስ ስታስመልስ ነበር። ትልቅ መርከብ ያን ያህል አይናወጥም ይባላል፤ እውነት ነው?

መርከቡ ከጣሊያን ተነሥቶ ቱኒዚያን ነክቶ ይመለሳል። የሸንገን ቪዛችን (ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው፣ ቱኒዚያን ግን የማያካትተው) አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ስንመለስ አያስገቡንም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ለስድስት ሰው ማግኘት ይቻል ይሆን?

ከአረጋውያንና ከሕፃናት ጋር የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የባለቤቴ ወንድም መልሳችንን እስከ ፋሲካ ይጠብቃል።