ክርክር፦ ምላጩ ሳይሳብ ባረቀ የሚባል ሽጉጥ፣ ኩባንያው በፈቃዱ ያስተካክለው ወይስ መንግሥት ያስገድደው?

ከአሌክሳንድሪያ፦
በጥበቃ ሥራ፣ በነዳጅ ማደያና በመጠጥ ሱቅ ሌሊቱን የምናነጋ ብዙ ስለሆንን ጉዳዩን ወደዚህ አመጣሁት። ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ በ2014 ያወጣው ፒ320 ሽጉጥ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጥር 2017 የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ተመረጠ፤ ውሉ እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ለሲቪል ገበያ የቀረበው ሽጉጥ በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ። ምላጩ ከባድ ስለነበር፣ ሽጉጡ መሬት ሲመታ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። የዳላስ ፖሊስ አባላቱ እንዳይታጠቁት አገደ። ኩባንያው ቀለል ያለ ምላጭና አዳዲስ የውስጥ ክፍሎች በነጻ እገጥማለሁ አለ። ይህን ግን «ምርቴን መልሼ እሰበስባለሁ» ብሎ አልጠራውም፤ «የፈቃደኝነት ማሻሻያ» አለው። ፈቃደኝነቱ የማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ያልደረሰው፣ ወይም ከሌላ ሰው እጅ የገዛው ባለቤት ሽጉጡን እንደነበረ ታጥቆ ይሄዳል።

ምላጭ ሳንነካ ባረቀብን የሚሉ ሰዎች ከዚያ በኋላም ፍርድ ቤቶችን አጨናንቀዋል። ጁሪዎች (ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች) በሰኔ 2024 በጆርጂያ 2.35 ሚሊዮን፣ በኅዳር 2024 በፊላደልፊያ 11 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ኩባንያው «ምላጭ ሳይሳብ በምንም ዓይነት ሁኔታ አይተኩስም» እንዳለ ነው።

አቋሜ ይህ ነው፦ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የሕፃን አልጋና የመጫወቻ ሽጉጥ ሳይቀር ከገበያ ያስወጣል፤ እውነተኛውን ሽጉጥ ግን ኮሚሽኑ በ1970ዎቹ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዳይነካ ሕጉ ከልክሎታል። ይህ መቀየር አለበት።

ሻምበል፣ ከዳላስ፦
ልጆቼ፣ እኔ የኖርኩት ከመሣሪያ ጋር ነው። የሶቪየቱ ማካሮቭ ሽጉጥ መቆለፊያ አለው፤ ቆልፎ የታጠቀ ሰው ሲባርቅበት አላየሁም። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ደግሞ መቆለፊያ የለውም፤ እሱን የያዘ ሰው ጥይት አጉርሶ አይታጠቅም ነበር። ለፋብሪካው አቤት ያለ ሰውም አልነበረም፤ የመሣሪያውን ጠባይ አውቆ መያዝ የታጣቂው ግዴታ ነው። ዛሬ ባልተመጠነ አፎት ውስጥ ሽጉጥ ይሸጎጣል፣ የጃኬት ገመድ ምላጩን ይጠልፈዋል፣ ከዚያ «ሳልነካው ተኮሰ» ይባላል። መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከባረቀበት ሰው አፍ የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ ይኸው ነው።

በዋዮሚንግ የሆነውንም አስታውሱ። ሐምሌ 2025 በአንድ የአየር ኃይል ሰፈር አንድ ወጣት ሞተ፤ የዚሁ ሽጉጥ የጦር ሠራዊት ዓይነት የሆነው ኤም18 ነው የገደለው ተብሎ መሣሪያው ከአገልግሎት ታገደ። በማግሥቱ ወር አንድ ሌላ የአየር ኃይል ባልደረባ ከሟቹ ጉዳይ ጋር በተያያዘና በሐሰተኛ ቃል ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ሽጉጦቹም ተፈትሸው ወደ ሥራ ተመለሱ። ስንቱ ሰው ሽጉጡን ሲረግም ሰነበተ?

የሌሊት ፈረቃ፣ ከዴንቨር፦
ጋሽ ሻምበል፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሳያጎርሱ መታጠቅ ለእርስዎ ዘመን ሠርቷል። እኔ ለአለቃዬ እንዲህ ብለው በማግሥቱ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ደግሞ ጦሩ የወሰደው የእጅ መቆለፊያ ያለውን ነው፤ ለሲቪልና ለፖሊስ የሚሸጠው አብዛኛው ፒ320 ግን ያ መቆለፊያ የለውም፤ በግሎክ ሽጉጥ ምላጭ ላይ ያለችው ትንሽ ልሳን እንኳ የለችውም። እርስዎ ራስዎ መቆለፊያ የሌለውን አጉርሶ መታጠቅ አይገባም ካሉ፣ ከእኔ ጋር ነዎት ማለት ነው።

ከአትላንታ፦
እኔ ከሻምበል ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ሳያስገድዳቸው ያስተካከሉ ኩባንያዎች ሞልተዋል። ሩገር በ2017 የማርክ 4 ሽጉጦቹን ጠርቶ አስተካከለ፤ መቆለፊያው መሐል ላይ ሲቀር ችግር ነበረበት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2020 ለሺልድ ኢዜድ ሽጉጦቹ እንዲሁ አደረገ፤ መዶሻው ሊሰነጠቅና ሽጉጡ በአንድ ስበት ደጋግሞ ሊተኩስ ይችል ነበር። ሁለቱም «መጠቀም አቁሙ፣ ላኩልን» ብለው በግልጽ ተናገሩ። ስሙን የሚወድ ነጋዴ ይህን ያደርጋል። ለመንግሥት ሥልጣኑን ስጡት ብትሉ ዛሬ የተበላሸውን ይሰበስባል፤ ነገ ያልወደደውን ሁሉ «ጉድለት አለበት» ይላል። ሕዝብ የሚፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም።

የሱቅ ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ሽጉጥ አምራቾቹ የደንበኞች አገልግሎት ልናገር፤ የምታወሩት ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚገናኘው። የእኔ ሽጉጥ የሌላ ኩባንያ ነው፣ ስሙን ልተወው። ልምምድ ላይ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀረቀርበታል። ጥይት ቀየርኩ፣ ካዝና ቀየርኩ፣ ዘይት አስቀባሁ፤ ያው ነው። ስደውል ያነሳችው ልጅ ጨዋነቷ ያስገርማል። የመላኪያውን ወረቀት በኢሜይል ላከችልኝ፣ ክፍያውን እነሱ ቻሉ፣ ሽጉጡም በቀጥታ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ከውስጡ የወጣችው ወረቀት ግን «ተመርምሮ ደረጃውን ያሟላ ሆኖ ተገኝቷል» ከማለት በቀር ቃል የላትም። ምን ተበላሽቶ ነበር? ምን ተቀየረ? የእኔ ብቻ ነው ወይስ የዚያ ዓመት ምርት በሙሉ? ደግሜ ደወልኩ፤ በጨዋነት «ይህን መናገር አንችልም» ተባልኩ። ሽጉጡ አሁን ይሠራል። እኔ ግን ከባንኮኒው ሥር ሳየው አላምነውም፤ የማይታመን ሽጉጥ ደግሞ ለሱቅ ሠራተኛ ከባዶ እጅ ይብሳል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ ነገሩን ጨረስሽው። መስተንግዶው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው የተዘጋጀ ነው፤ አንቺም ችግሩ የአንቺ ብቻ መስሎሽ ትመለሻለሽ። ስንት ሰው ተመሳሳይ ነገር እንደላከ የሚያውቀው ኩባንያው ብቻ ነው። የመኪና ፍሬን ሲበላሽ ቅሬታው መንግሥት ዘንድ ይመዘገባል፣ ማንም ያነበዋል። ለሽጉጥ ይህ የለም። አትላንታ፣ የጠቀስካቸው ሁለቱ ፈቅደው አደረጉት፤ ያልፈቀደውስ? የታውረስ ኩባንያ ሽጉጦች ሲወድቁ ይተኩሳሉ የተባለው ክስ በ2015 በስምምነት ሲያልቅ የተነካው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሽጉጥ ነበር፤ ከመካከላቸው ከ1997 ጀምሮ የተመረቱ አሉ። ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም።

የሕግ ሰው፣ ከቦስተን፦
ሁለት ነገር ላስተካክል። መጀመሪያ፣ ጁሪዎቹ «ሽጉጡ ማንም ሳይነካው ተኮሰ» ብለው የፈረዱ አይምሰላችሁ። የክርክሩ አንጓ ሌላ ነበር፦ ምላጩ በቀላሉ የሚነካ ሆኖ ሳለ የውጭ መቆለፊያ ሳይደረግለት መሸጡ የንድፍ ጉድለት ነው ወይስ አይደለም? ስለዚህ ሻምበል «የሆነ ነገር ምላጩን ነክቶታል» ቢሉም ኩባንያው ከተጠያቂነት አይድንም። ሁለተኛ፣ የ2005ቱ የፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ አምራቾችን ከብዙ ክስ ይከላከላል፤ የንድፍና የምርት ጉድለትን ግን ለክስ ክፍት ትቶታል። ያቺን በር ነው አሁን ማጥበብ የተያዘው። ሲግ ሳወር በሚገኝበት በኒው ሃምፕሻየር በ2025 የወጣው ሕግ፣ የውጭ መቆለፊያ የለውም ብሎ አምራችን መክሰስን ይከለክላል። አትላንታ ስለ ገበያና ስለ ፍርድ ቤት ሲያወራ ይህንም ይቁጠረው።

ሻምበል፣ ከዳላስ፦
ይህን ሕግ አላውቀውም ነበር። መቆለፊያ አለማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ስለ አለማድረጉ እንዳይጠየቁ ሕግ ማስወጣት ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን አልደግፍም። ግን የዋዮሚንጉን አልመለሳችሁልኝም።

የሌሊት ፈረቃ፣ ከዴንቨር፦
ልመልስልዎ። አንዱ ከዋሸ ሁሉም ዋሽቷል አይባልም። በመቶ የሚቆጠሩ አቤቱታዎችን ኩባንያውም ወሬኛውም ሳይሆን ገለልተኛ መሐንዲስ ቢያያቸው ውሸታሙም ይለይ ነበር፤ እርስዎም ይረኩ ነበር።

ከአትላንታ፦
የቅሬታ መዝገብ ከሆነ የምትጠይቁት እኔም እፈርማለሁ። የሽጉጡ ዓይነት፣ የተመረተበት ዓመት፣ ምን ሆነ፣ ኩባንያው ምን መለሰ ተብሎ ለሕዝብ ይከፈት፤ የባለቤቱ ስም ግን አይግባበት። ምክንያቱም የባለመሣሪያዎች ዝርዝር ይሆናል። የመሰብሰብ ሥልጣኑን ግን አልሰጥም።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ስሙ አይግባ፣ ተስማምቻለሁ። ሥልጣኑን ግን አልተውም። መዝገቡ ላይ አራት መቶ ሰው «ባረቀብኝ» ብሎ ኩባንያው «አይባርቅም» ካለ፣ ያን ጊዜ ማን ይወስን ትላለህ?

ከአትላንታ፦
ገዢው። እኔ አልገዛውም።

የሱቅ ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የገዛነውስ?